ዩሱፍ፣ ፍየሎቹና ያልሄደው ኢሜይል

እውነቱን ልናገር፤ ዩሱፍን መጀመሪያ ሳውቀው አልወደድኩትም ነበር። ከወልድያ ተመድቤ ሰመራ ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ሙቀቱ ራሴን አዙሮኛል፣ ኮምፒውተሬ ደርቆ ቀርቷል፣ አለቃዬ ደብዳቤ ይጠብቃሉ። "የኮምፒውተር ባለሙያውን ጥሪው" አሉኝ፤ ጠራሁት። አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸበጥ ያደረገ የአፋር ሰው መጣና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ቁልፍ አልነካም፣ ገመድ አላየም።

"ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለኝ።

"ምኑን ነው የምነግርህ? ደርቋል! አይታይህም?"

"መድረቁን አየሁ። ከመድረቁ በፊት ምን ነበር? ጠዋት ስትከፍቺው ምን አለሽ? አንቺስ ምን አደረግሽ?"

ደሜ ፈላ። እኔ ሀብትነሽ በባሕሪዬ የምቸኩል ሰው ነኝ፤ እናቴ "አንቺ እኮ ሳትወለጂ ለመሄድ የተነሳሽ ነሽ" ትለኝ ነበር። ግን ሰውየው ካልነገርኩት የሚነሳ አልመሰለኝምና ተናገርኩ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ "ሌላስ?" አለ። ሌላም ነበረ ለካ! ጠዋት ሻይ ደፍቼበት በሶፍት ጠርጌ ዝም ብዬ ነበር። አፍሬ ነገርኩት። ኪቦርዱን ገልብጦ አራገፈው፣ ከመጋዘን ሌላ አምጥቶ ሰካልኝና ሄደ። በቃ።

ይሄ ነገሩ ከየት እንደመጣ የገባኝ ቆይቼ ነው። አፋሮች ሁለት ሆነው መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። አንዱ ያየውን የሰማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል፣ ከዚያ ተራው ይደርሰዋል። መጨመርም መቀነስም ነውር ነው። ሰሚው በዚያ ወሬ ተማምኖ ከብቱን ይነዳላ! እዚያ ጋ ውሃ አለ ተብሎ ከሌለ መንጋው ማለቁ ነው። ዩሱፍ ኮምፒውተር የሚጠግነው በዳጉ ነው።

አሳይታ አጠገብ ከከብት አርቢ ቤት ነው የተወለደው። አባቱ ትምህርት ይማር ብለው አዋሽ ከተማ ጋራዥ ወደሚሠራው አጎቱ ሰደዱት። ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መኪና ሥር ሆኖ አደገ። አጎቱ ሞተር ከመክፈቱ በፊት ሾፌሩን "ድምፁ መቼ ጀመረ? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ?" እያለ ያደርቀው ነበር አሉ። ከዚያ ዩሱፍ ሰርዶ ላይ በቆርቆሮ ቤት የሾፌሮችን ስልክ እየጠገነ ዲፕሎማውን ያዘ፤ መሥሪያ ቤታችን በኮንትራት ቀጠረው። እነሆ ዘጠኝ ዓመቱ፤ አሁንም ኮንትራት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሳነሳበት "አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ አለ" ይለኛል። እኔ ብሆን ኖሮ ጣሪያውን አፈርሰው ነበር።

አሁን ወደ ፍየሎቹ ልምጣ።

እኛ ወደ ጅቡቲ ለሚሻገሩ እንስሳት የጤና ወረቀት እንሰጣለን። እያንዳንዷ ፍየል ጆሮዋ ላይ ቁጥር አላት፤ ቁጥሩ፣ የተከተበችበት ቀንና የሐኪሙ ፊርማ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ከሁለቱ ዋና ወረቀት አንዱን ሾፌሩ ይዞ ይሄዳል፣ አንዱ እኛ ጋ ይቀራል፤ ግን ሾፌር የያዘው ብቻውን አይበቃም። ድንበሩ ላይ ያለው ኬላ የሚያሳልፈው ከእኛ በኢሜይል ከደረሰው ጋር አመሳክሮ ነው።

አለቃዬ አቶ ተክለ ማርያም ደግሞ ማኅተም ይወዳሉ። አርባ ስድስት ገጽ ካለ አርባ ስድስቱም ላይ ክብ ማኅተም ያርፋል። ስካን ሲደረግም ማኅተሙ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ፣ ዙሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር መነበብ አለበት። "ጥቁር ማኅተም ኮፒ ነው፤ ኮፒ ደግሞ ወረቀት አይደለም" ይላሉ። እኔም ስካነሩን በባለቀለም፣ በመጨረሻው ጥራት አድርጌ ከመጣሁ ጀምሮ አልነካሁትም። አይፈረድብኝም፤ በዚህ አገር ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ማኅተሙ ካልደመቀ ማን ያምንሃል?

ያን ቀን ጠዋት የምልከው የአባባ ኢስማኤልን ወረቀት ነበር። አባባ ኢስማኤል ሰርዶ አካባቢ የሚኖሩ አርቢ ናቸው። ከድርቁ የተረፉትን የሦስት ቤተሰብ ፍየሎች ሰብስበው፣ መቶ አሥራ ሁለት፣ በአንድ አይሱዙ ጭነው፣ እሳቸውም ጋቢና ሆነው ነበር የሄዱት። እነዚያ ፍየሎች ከሞቱ ለሦስቱ ቤት ሌላ ምንም የለም። ይሄን አውቅ ነበር፤ አላውቅም አልልም።

ሦስት ሰዓት ላይ አርባ ስድስቱን ገጽ ስካን አድርጌ ላክሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ረጅም የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተመለሰልኝ። "ኤጭ፣ ኔትወርክ!" ብዬ አጠፋሁትና ደግሜ ላክሁ። አልሄደም። ደግሜ። ወይ ፍንክች! አረንጓዴው መስመር ግማሽ ይደርስና ቀጥ። ላክ፣ ላክ፣ ላክ… ዘጠኝ ጊዜ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ደርቆ ሲቀር በንዴት ኮምፒውተሩን በማጥፊያው ቁልፍ ድርግም አደረግሁት።

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሾፌሩ ገብረሥላሴ ነው፣ ከኬላው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀቱ የታለ?"

"ልኬያለሁ እኮ!"

"የታባቱ ደረሰ ታዲያ? ኬላው አልደረሰኝም ይላል! ፍየሎቹ መኪናው ላይ ቆመዋል፤ ከሌላ ከብት እንዳይቀላቀሉ ማውረድ አይቻልም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በጀሪካን የምናጠጣው ለመቶ አሥራ ሁለት ምኑ ይደርሳል? አንዷ አሁኑኑ ተኝታለች።"

"በቴሌግራም ልላክልህ?"

"ብያቸዋለሁ! ከመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ካልመጣ አንቀበልም ነው የሚሉት።"

እየሮጥኩ ዩሱፍን ይዤ መጣሁ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እመብርሃን! ሊጀምር ነው።

"ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለ።

"ዩሱፌ፣ በልጆችህ ሞት! ፍየል እየሞተ ነው!"

"ለዚህ እኮ ነው" አለ።

ተንፈስ ብዬ ነገርኩት፤ ዘጠኙን ላክ፣ በቁልፍ ማጥፋቴን፣ ሁሉንም። "የተመለሰው ደብዳቤ ምን ይላል?" አለኝ። አጥፍቼዋለሁ ስለው ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ብቻ "የተመለሰ መልእክተኛ ሳይናገር አይባረርም" አለኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከተጣሉት መልእክቶች ውስጥ ፈልጎ አወጣው። እኔ "ይቅርታ" የሚለውን ብቻ አይቼ የጣልኩትን ደብዳቤ እሱ ከላይ እስከ ታች፣ ጣቱን እያስከተለ፣ ቃል ሳይዘል አነበበው።

"ኔትወርክ አይደለም። ጭነትሽ ከብዷል" አለ። "ተቀባዩ ከሃያ ሜጋባይት በላይ አልቀበልም ብሏል። የአንቺ ሃምሳ ስምንት ነው። ስምንቱ ደግሞ እዚሁ አውትቦክስ ውስጥ፣ መላኪያው ሰልፍ ላይ እየተጋፉ ነው፤ ገና አልወጡም።"

ሰልፉን ማጥራት ነበረበት። ሊያጠፋቸው ሲል የፊተኛው "እየተላክሁ ነው" እያለ አልነቃነቅ አለ። ዩሱፍ የኔትወርኩን ገመድ ከጀርባው ነቀለው፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፈተው። መስመር ሲያጣ ያ ግትር መልእክት ለቀቀ፤ ስምንቱንም አንድ በአንድ ጠረጋቸው። ግን በቁልፍ ድርግም ያደረግሁት ጊዜ መልእክቶቹ የሚቀመጡበትን ፋይል አበላሽቼዋለሁ ለካ። የመጠገኛውን ፕሮግራም አስነሳ። "ሃያ ደቂቃ" አለኝ። እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ነው።

በዚህ መሃል ገብረሥላሴ ደወለ። "አባባ ኢስማኤል ሰው ማናገር ይፈልጋሉ" ሲል ስልኩን ለዩሱፍ ሰጠሁት። በአፋርኛ ጀመሩ። ሰላምታው ብቻ ጉድ ነው! ከዚያ ዩሱፍ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት። "እ… እ…" ይላል፣ ይሰማል። መቶ አሥራ ሁለት ፍየል ፀሐይ ላይ ቆሞ እነዚህ ሰዎች ዳጉ ይዘዋል!

ያ የመጠገኛ ነገር ሲጨርስ ዩሱፍን አልጠበቅሁትም። በራሴ ብልጠት ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ሃምሳ ስምንቱን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ አሥራ ዘጠኝ ከምናምን፣ ከሃያ በታች። ሦስቱን አከታትዬ ላክሁ። ገና ሳልተነፍስ ሦስቱም ተመለሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ዩሱፍ ስልኩን ዘግቶ ስክሪኑን አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሾፌር ሚዛን ላይ ሲወጣ" አለኝ፣ "የሚመዘነው ጭነቱ ብቻ ነው?"

"ከነመኪናው ነው።"

"ኢሜይልም እንደዚያ ነው። ፋይሉን ለጉዞ ሲያስረው በሲሶ ይከብዳል። አሥራ ዘጠኙ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ይሆናል።"

"እሺ አምስት ስድስት ቦታ ልክፈለው!"

"አባባ ኢስማኤል ያሉትን ስሚ መጀመሪያ" አለ። "ኬላው ላይ ያለው ልጅ ኢሜይል የሚከፍተው በስልኩ ነው፤ መስመሩ ደካማ ነው፤ ከፊታቸው የነበረው ሰውዬ ወረቀት እስኪወርድለት የመኪናው ጥላ በግማሽ አጥሯል። ሃምሳ ስምንት ብንልክ በስንት ተከፍሎም ቢሆን እስከ ማታ አይወርድለትም። ደግሞ አንድ ነገር አይተዋል። ልጁ ያንን ወረቀት ሲያይ የመጨረሻውን ቅጠል ብቻ አተልቆ ማኅተሙን ተመለከተ። የሌሎቹን ቅጠሎች ግን ቁጥራቸውን ብቻ ነው በጣቱ እያስከተለ ከፍየሎቹ ጆሮ ጋር ያስተያየው።"

ሽማግሌው ፊደል አይቆጥሩም። ግን ቆመው ያዩትን አንድም ሳይጥሉ ተናግረዋል፤ ዩሱፍም አንድም ሳይጥል ሰምቷል። እኔ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ስህተት ሠርቻለሁ።

"አርባ አምስቱን ገጽ በጥቁርና ነጭ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርገሽ፤ የመጨረሻዋን ብቻ በቀለም" አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ስካነሩ ስሮጥ አቶ ተክለ ማርያም በር ላይ ገጠሙኝና የማደርገውን ነገርኳቸው። "ምን? ጥቁር ማኅተም ከዚህ ቢሮ አይወጣም!" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለሳቸው ሳይሆን አይቀርም። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ዩሱፍ ቀደመኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከመጀመሪያው ነገራቸው፦ ስንት ፍየል፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሜጋ፣ ልጁ ምን እንደሚያይ። ሁለቴ ሊያቋርጡት ሞከሩ፤ ሁለቴም ዝም ብሎ እስኪጨርሱ ጠበቀና ካቆመበት ቀጠለ። ሲጨርስ "እርስዎ እሺ ካሉ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል፤ እምቢ ካሉ እምቢ ማለትዎን ለአባባ ኢስማኤል እነግራቸዋለሁ" አላቸው። ማስፈራራት አልነበረም፤ የሚያደርገውን ነው የነገራቸው። አቶ ተክለ ማርያም መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

"የመጨረሻዋ ግን ሰማያዊ ትሁን" አሉ።

አርባ ስድስቱ ገጽ አራት ሜጋ ሆነ። አራት! ላክሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። አረንጓዴው መስመር ጫፍ ደረሰና "ተልኳል" አለ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ዩሱፍ ግን "ተልኳል ማለት ደርሷል ማለት አይደለም" ብሎ ኬላው ጋ ደወለ። ልጁን "ስንት ገጽ ደረሰህ?" አለው። አርባ ስድስት። "የመጨረሻዋን የጆሮ ቁጥር አንብብልኝ።" ልጁ አነበበ፤ ዩሱፍ በእጁ ካለው ወረቀት ጋር አስተያየ። "ማኅተሙስ ምን ይመስላል?" "ሰማያዊ ነው።" ከዚያ ነው "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ስልኩን የዘጋው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ተሻገረ። መቶ ስምንት ፍየል። አራቱ ሞተዋል።

ከሰዓት በኋላ አቶ ተክለ ማርያም ሰበሰቡን። "ለበላይ የምንጽፈው የኔትወርክ ችግር ነበር ተብሎ ነው" አሉ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ኔትወርክ አይከሰስ፣ አይቀጣ፣ አያለቅስ! ዩሱፍ ግን እጁን አወጣ።

"ኔትወርክ አልነበረም" አለ። "የኬላው ኢሜይል የሚቀበለው ክብደት ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንደሚቀንስ የሚገልጽ ማስታወቂያ ከወር በፊት ደርሶኛል። በእንግሊዝኛ እንደመጣ አትሜ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩና ሄድኩ። ማን አነበበው፣ ማን ገባው ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ የእኔ ነው። ስካነሩ በሙሉ ቀለም እንዲሆን ያዘዘው ቢሮው ነው። ሀብትነሽ ደብዳቤውን ሳታነብ አጥፍታ ዘጠኝ ጊዜ ልካለች፣ ኮምፒውተሩንም በቁልፍ አጥፍታለች። ይህ ነው የሆነው።"

ስሜን ሲጠራ ፊቴ ነደደ። ከስብሰባው ስንወጣ "ምነው ዩሱፍ? ምን አደረግሁህ?" አልኩት። ገርሞት አየኝ።

"የእኔንም ተናገርኩ እኮ" አለ። "አንዱን ከተውኩ ሌላውንስ ማን ያምነኛል?"

ሦስት ቀን አላናገርኩትም። አኮረፍኩ። እሱ ግን በየጠዋቱ "እንዴት አደርሽ" ይለኛል። ደግሞ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ጋ እየተቀመጠ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር፣ ስካነሩን እንዴት ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ የተመለሰ ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ በአማርኛ ያስረዳል። "በይ አሁን አንቺ ንገሪኝ" እያለ መልሰው እስኪነግሩት ድረስ አይነሳም። ይሄን ሳይ ኩርፊያዬ ራሱ አሳፈረኝ። ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት የሚሠራ ሰው፣ ነገ ውጣ ቢባል ጠያቂ የሌለው፣ አለቃው ፊት ጥፋቴ ይሄ ነው ብሎ ቆሟል። እኔ ቋሚ ሠራተኛዋ ኔትወርክ ሥር ተደብቄያለሁ። ወንድ ነው ብዬ ለጎረቤቴ አወራሁላት።

በአራተኛው ቀን አባባ ኢስማኤል መጡ። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ በትራቸውን ይዘው አቶ ተክለ ማርያም ቢሮ ተቀመጡ። እኔና ዩሱፍም ተጠራን። አቶ ተክለ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና "አባባ፣ በጣም እናዝናለን፤ እንግዲህ የኔትወርክ ችግር…" ብለው ጀመሩ። ሽማግሌው አማርኛቸው ትንሽ ነው። ወደ ዩሱፍ ዞሩ። ዩሱፍ አፉን ሊከፍት ሲል ምን እንደነካኝ አላውቅም፤

"ቆይ፣ እኔ ልናገር። አንተ ተርጉምልኝ" አልኩ።

ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። ደብዳቤውን ሳላነብ መጣሌን፣ ዘጠኝ ጊዜ መላኬን፣ ዩሱፍ እሳቸውን በስልክ ሲሰማ እኔ በውስጤ ስረግም እንደነበር፣ ሳልጠብቅ ሦስት ቦታ ከፍዬ መላኬን፣ ኔትወርክ ነው ሲባልም ደስ መሰኘቴን ሳይቀር። ዩሱፍ እግር በእግር ወደ አፋርኛ ይመልሳል። አላለሰለሰልኝም፣ አላባባሰብኝም። አባባ ኢስማኤል በትራቸው ላይ አገጫቸውን አድርገው ሰሙኝ። አላቋረጡኝም። አቶ ተክለ ማርያም መስኮቱን ያያሉ።

ስጨርስ በአፋርኛ ተናገሩ፣ ዩሱፍም መለሰልኝ።

"ከሞቱት አራቱ አንዷ የልጅ ልጄ ፍየል ነበረች። ከግልገልነቷ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት ናት። ቤት ስደርስ 'ማን ገደላት?' አለችኝ። ሾፌሩ ኔትወርክ ነው ብሎኝ ነበርና እሱኑ ነገርኳት። 'ኔትወርክ ማነው? የማን ልጅ ነው?' አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነበር። አሁን የምነግራት አለኝ። ሰው ናት፣ ቸኩላ ነው፣ ራሷም ነገረችኝ እላታለሁ።"

እንባዬ መጣ። በነጠላዬ ጠረግሁት። ሽማግሌው ተነስተው ወደ በሩ ሄዱና ቆም አሉ። ይህን በራሳቸው አማርኛ ነው የጠየቁኝ፤ ዩሱፍ አልተረጎመም።

"ስምሽ ማነው?"

"ሀብትነሽ" አልኳቸው።

"የማን ልጅ?"

"የፍሬምናጦስ ልጅ" አልኳቸው። ስሜን ከነአባቴ ደግመው እስኪሉት ድረስ ቆሜ ጠበቅኋቸው።